የማልቲ አንቲ አወዳደቅ

ባለፈው ሳምንት ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ አለፍ ብሎ ባለ አንድ የባንግላዴሾች ግሮሰሪ ውስጥ፣ አንድ ሰውዬ የሰናፍጭ ዘይት ጠርሙስ አምልጦት ተሰበረ። ሠራተኛው መጥረጊያ ይዞ እስኪመጣ ሽታው ሱቁን ሞላው። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። እኔ ግን የመዘንኩትን ሽንኩርት እንደታቀፍኩ እዚያው ቀረሁ። ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት በሰናፍጭ ሽታ ልቧ ይመታል ቢባል ማን ያምናል? የኔ መታ። በአንድ አፍታ ወደ ልጅነቴ ተመለስኩ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ሶፋ ጫፍ ተቀምጬ ነበር፣ ጎረቤታችን ማልቲ አንቲም እንዳይወድቁ እየጠበቅኳቸው ነበር።

መቼም ፈሪ ልጅ ነበርኩ። ኤለቬተሩ መሃል ላይ ቢቆምስ፣ የዶን ሚልሱ አውቶብስ እናቴን ጥሏት ቢሄድስ፣ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ስሜን በድምፅ ማጉያ ብትጠራስ እያልኩ ነው ያደግኩት። እማዬ «ይቺ ልጅ ጥላዋን ትፈራለች» ትል ነበር። እሷ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤት ለቤት እየዞረች የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ የምታበላ ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ የሚያልቀው ከመሸ ነው፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት የምወጣው ገና በብርሃን ነው። ኢስት ዮርክ የምትኖረው ጓደኛዋ መንታ ወልዳ እኔን መያዝ ካቆመች ወዲህ፣ በመሃል ያሉት ሰዓታት የቤታችን ትልቁ ጣጣ ሆኑ።

ማልቲ አንቲን ያገኘናቸው ምድር ቤት ባለው ላውንድሪ ውስጥ ነው። በረዶው ሊጀምር ባለበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ። አጭር፣ ወፍራም፣ ፀጉራቸውን ሂና የተቀቡ አሮጊት ቅርጫታቸውን በእግራቸው እየገፉ ገቡና ጥግ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ዞሩ። ወንበሯ ሲጢጥ አለች። እሳቸው ሳይቀመጡም ሳይቆሙም መሃል ላይ ቀሩ። ወንበሯን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ወንበሯን አዩ። ከዚያ በቅንድባቸው ብቻ ወንበሯን ይቅርታ ጠየቋት።

እማዬ የምታጥፈውን አንሶላ ለቀቀችው። «በስመ አብ! ድንቡሼ!»

እማዬ አዲስ አበባ ልጅ ሳለች የህንድ ፊልም አያመልጣትም ነበር። ከተመልካቹ ውስጥ ቋንቋውን የሚያውቅ አልነበረም። አዳራሹ ግን ለቆንጆዋ ያለቅሳል፣ ለጎረምሳው ያጨበጭባል፣ ወፍራሟ ሴትዮ ብቅ ስትል ደግሞ ገና አፏን ሳትከፍት ይስቃል። ስሟን ማንም ስለማያውቀው ተመልካቹ ራሱ «ድንቡሼ» ብሎ አወጣላት። ያቺ ድንቡሼ እኛ ሕንፃ ውስጥ ፎጣ ልታጥብ መጣች። እማዬ ይህን ሁሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ በእጇም በእግሯም አስረዳቻቸው። ማልቲ አንቲ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«እንዲያ ከሆነ አዲስ አበባም ወድቄያለሁ ማለት ነው» አሉ።

በሳምንቱ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እሳቸው ዘንድ ሆነ። በምትኩ እማዬ እሑድ እሑድ ፀጉራቸውን ታጥብላቸዋለች።

ቤታቸው የሰናፍጭ ዘይት ይሸታል። እኛ ቤት ሰናፍጭ የጾም ምግብ ነው፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸውን ያሹበታል። የመጀመሪያ ቀን ሳያቸው ከምሳቸው የተረፈውን እግራቸው ላይ የሚቀቡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጉልበታቸው ታሽቶ ሲያበቃ ካሴት ይከፈታል። የሦስት ሰዓት ፊልም በአሥር ደቂቃ ነበር የምንጨርሰው፤ ዘፈኑንም ፍቅሩንም ለቅሶውንም ያሮጡትና እሳቸው ያሉበት ላይ ብቻ ያቆሙታል። ምግብ አብሳይ ናቸው፣ ቤት አከራይ ናቸው፣ የሴቶች ማደሪያ ጠባቂ ናቸው። አንዱም ላይ ስም የላቸውም። ብዙ ጊዜ ደግሞ ማንም የማይፈልጋት እጮኛ ናቸው፤ የአበባ ጉንጉን ይዘው ወደ ሙሽራው ሲሮጡ ምንጣፍ ይጠልፋቸዋል።

«ሃያ ጊዜ ሙሽራ ሆኜ አንድም ቀን አልተዳርኩም» ይሉኝ ነበር።

አንዱ ፊልም ላይ መልከ መልካሙ ጎረምሳ በጥፊ ሲላቸው አለቀስኩ። «ያማል?» አልኳቸው።

«እሱን ነው እንጂ ያመመው። ይኸን ጉንጭ ታዪዋለሽ?» ብለው ጉንጫቸውን አስነኩኝ።

እዚህ ሥራ ውስጥ የገቡት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ቦምቤይ ውስጥ የፊልም ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ልጅቷ ምሳ ታደርስላቸዋለች። አንድ ቀን አልጋ ላይ ቁጭ ብላ አልጋው የሚሰበርባት ወፍራም ልጅ ተፈለገች። አባትየው ከንፈራቸው ላይ የነከሱትን ስፒል ሳያወጡ በጣታቸው ጠቆሟት። ማልቲ አንቲ ይህን ሲነግሩኝ የአባታቸውን አጠቋቆም ያሳዩኝ ነበር፤ ሌላው ታሪካቸው ሁሉ ያስቃቸዋል፣ እዚህ ላይ ሲደርሱ ግን አይስቁም። በእህል የተቀለደ እንደሆነም አይስቁም። ኬክ ፊታቸው ላይ ሊለጥፉ፣ ሩዝ አናታቸው ላይ ሊደፉ የፈለጉ አዘጋጆች ነበሩ፤ ሁሉንም እምቢ ብለዋል። «ግድግዳ አምጡ እጋጫለሁ፣ እህል ግን አልደፋም» ብለው አንድ ሙሉ ፊልም አምልጧቸዋል። ያገቡትም ድምፅ ቀጂ ነው። ሰውየው መልካቸውን ሳያይ፣ ሲወድቁ የሚያሰሙትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫው ሰምቶ ነው የወደዳቸው አሉ። እኔ ይህን ሙሉ በሙሉ አምኜዋለሁ።

ባልየው ሞቶ ልጃቸው ዲፓክ ወደዚህ አመጣቸው። እሱ በሥራው ምክንያት ወደ ኦታዋ ሲዛወር እሳቸው አልሄድም ብለው ቀሩ። ምክንያታቸው ኤለቬተሩ ነበር። አፍጋኑም፣ ፓኪስታኑም፣ ሶማሌውም ኤለቬተር ውስጥ ሲያያቸው ዓይኑ ይበራል፤ እናቱ ወይም አያቱ የሚወዷት ሴትዮ ናት። «ኦታዋ ማን ያውቀኛል? እዚህ ከፎቅ ስወርድ ሕዝብ አለኝ» ይላሉ። ችግሩ፣ እኛ ከማወቃችን በፊት በነበረው ዓመት በረዶ ላይ ወድቀው የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ነበር። ዲፓክም በስልክ ቁርጡን ነግሯቸዋል፦ አንድ ጊዜ ደግመው ከወደቁ ኦታዋ ባለው የአረጋውያን ማቆያ ይገባሉ፣ የፍሌሚንግደን ኑሮ ያበቃል።

እኔ ይህን ሳውቅ አልተጨነቅኩም። መውደቅ ለሳቸው ሥራቸው ነው፤ በእውነት ይወድቃሉ ብዬ እንዴት ላስብ? እንዲያውም ያስተምሩኝ ነበር። ሶፋው ሥር ትራስ ይደረደራል። «መጀመሪያ ዓይን ይወድቃል» ይላሉ፣ «ከዚያ እጅ፣ ከዚያ መቀመጫ። ፊት ወሬውን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።» ተመልካችም የራሱ ሥራ አለው። እሳቸው ሲወድቁ በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጥሬ ነው መሳቅ ያለብኝ፤ ቶሎ የመጣ ሳቅ ቀልዱን ይገድለዋል። ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ሞከርኩት፤ ከወንበሬ በሥርዓቱ ወደቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ አስተማሪዋ ግን እማዬን ኮል አደረገቻት፤ እማዬ የሚጥል በሽታ ያዛት ብላ ሺፍቷን ጥላ በረረች። ያን ቀን የበላሁት ቁንጥጫ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ከገና ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ማልቲ አንቲ የምስር ሳህን ይዘው ከኩሽና ሲወጡ ወደቁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳቅኩ። አጨበጨብኩም። እሳቸው ከወለሉ ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አሉኝ። እኔም መጨረሻውን ልጠብቅ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። እግራቸውን ትንሽ አንቀሳቀሱ፤ ሳቅኩ። እጃቸውን ወደ ወንበሩ ዘርግተው አልደረሰላቸውም፤ ሳቅኩ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሌላዋ ማልቲ አንቲ ሙሽራ እያባረረች ነበር። ስንት ደቂቃ እንደዚያ እንደቆየን አላውቅም። በኋላ ዓይኔ ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ምስር ላይ አረፈ፤ እሳቸው ደግሞ እህል አይደፉም።

ወንበሩን ገፍቼ አቀረብኩላቸው። በሱ ተደግፈው፣ እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ በስንት መከራ ተነሱ። ላብ አጥምቋቸዋል። መጀመሪያ ያሉኝ፣ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ። እናትሽ ከሰማች ዲፓክ ይሰማል» ነው።

«አልነግርም።»

«ቃል ግቢልኝ። የእውነት ቃል።»

እኔም የማውቀውን የመጨረሻውን ትልቅ ቃል አወጣሁ። በአማርኛ «እናቴ ትሙት!» አልኳቸው።

«ምን ማለት ነው?»

«የእውነት ቃል ማለት ነው» አልኩ።

ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ ስጋደም ነው ያደረግኩት የገባኝ። ሚስጥሩን የምነግረው ሰው ቢኖር እማዬ ናት፤ ለእማዬ ብነግር ደግሞ እማዬ ትሞታለች። ይህን መሐላ እማዬ አጥብቃ ትጠላው ነበር፤ ከአፌ ካመለጠኝ «እኔ ገና ብዙ ሥራ አለብኝ፣ በራስሽ ማይ!» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ከማልቲ አንቲ መስኮት ላይ ቆሜ አውቶብሱን እጠብቃለሁ። የእማዬ ቀይ ኮፍያ ከታች ካልታየኝ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅልፍ ላይ አምልጦኝ ተናግሬ ይሆን?

ማልቲ አንቲ ግን መውደቃቸውን አላቆሙም። አንድ ቀን ሎቢው ውስጥ፣ ሰው ኤለቬተር ሲጠብቅ፣ ጉልበታቸው ከዳቸውና የፖስታ ሳጥኖቹ ላይ ተለጠፉ። ሁሉም ዞረ። በዚያች ቅጽበት ቅንድባቸውን ሰቀሉ፣ ሳጥኖቹን እንደ ባል አቀፏቸው፣ አንዱንም ሳሙት። በጥርሳቸው መሃል ደግሞ ለኔ፣ «ሳቂ» አሉኝ። ሳቅኩ። እኔ ስስቅ ሌላው ተከተለ፤ አንድ አፍጋን ሽማግሌ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ኤለቬተር ውስጥ እንደገባን እጄን አጥብቀው ያዙት። «አንቺ ካልሳቅሽ ያዩኛል» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ሥራ ያዝኩ። በዚያ ዊንተር መሳቅ የሚያስጠላኝ ልጅ ሆንኩ፤ ትምህርት ቤት ሰው ሲስቅ እንኳ ማን ወደቀ ብዬ እዞር ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው እሑድ ነው። እማዬ ፀጉራቸውን ስታጥብ እኔ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ማልቲ አንቲ እጀ ረጅም ሹራብ ለብሰው፣ አንገታቸውን ፓውደር ቀብተው ነው የሚጎነበሱት። አንድ ቀን ውኃ እንዳይነካው እማዬ እጅጌውን ወደ ላይ ስትሰበስብ፣ ክርናቸው ላይ ሰማያዊ ሆኖ የበለዘው ቦታ ለእኔ ከበሩ ታየኝ። እማዬ እጅጌውን መልሳ ዝቅ አደረገችና ሳሙናውን ጠየቀችኝ። አላየችም! ሳሙናውን ሳቀብላት ከደስታዬ ብዛት አመለጠኝና ገንዳው ውስጥ ገባ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ማርች ብሬክ ላይ ትምህርት ዝግ ስለነበር ቀኑን ሙሉ እሳቸው ዘንድ ነበርኩ። ዲፓክ ሳይደውል ከኦታዋ መጣ። ነጭ ጃኬት ለብሷል። በማልቲ አንቲ ፊልሞች ውስጥ ነጭ የሚለብሰው ክፉው ሰውዬ ነው፤ ስለዚህ ሲገባ ገና ከሶፋው ጀርባ ሄድኩ። አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ አበባ መሃል የቆመ ሕንፃና የሚስቁ ሽማግሌዎች አሉበት።

«እማ፣ ዝም ብለሽ እዪው። አሁን ግቢ አላልኩም» አለ። ለኔ ብሎ ይሁን ልማዱ ሆኖ፣ በእንግሊዝኛ ነው ያወራው።

«ለታመመ ሰው ነው ይኼ። እኔ ታምሜያለሁ?»

«አልታመምሽም። ብቻሽን ነሽ።»

«ብቻዬን? ይቺ ማን ናት?» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ከዚያ ተነሱ። ቴፑን ከፈቱ፣ አንድ የድሮ ዘፈን ለቀቁና እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ተመልከት!» አሉ። አንድ ጊዜ ዞሩ። ደህና ነበር። ሁለተኛ ዞሩ፤ ዲፓክ ወንበሩ ላይ ለቀቅ ብሎ ተቀመጠ። ሦስተኛውን ሲጀምሩ ጉልበታቸው ሲታጠፍ እኔ አየሁ። በጎናቸው ወደቁ፣ የጠረጴዛው ጠርዝም መታቸው።

ዲፓክ ፈገግ አለ። ለካ እሱም በዚህ ቀልድ ያደገ ልጅ ነው፤ ቆጠራውን ያውቀዋል። አንድ ሲባል ፈገግታው ጀመረ። ማልቲ አንቲ ከወለሉ እኔን ነበር የሚያዩት። ቅንድባቸው ተሰቅሏል፣ ከንፈራቸው ግን ነጭ ሆኗል። የሚፈልጉትን አውቃለሁ። ሁለት። እሱ እንዲስቅ እኔ መቅደም አለብኝ። ሦስት ላይ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ልያዘው ብልም አልያዝ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ጮኬ አለቀስኩ። ዲፓክ ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ እናቱ ዞረ፣ ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ጠፋ። ነጩን ጃኬት አውልቆ ጠቅልሎ ከጭንቅላታቸው ሥር አደረገላቸው፣ አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተጋደመና ግንባሩን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ።

«ስንት ጊዜ ነው የወደቅሽው?» አላቸው።

እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣ «አበላሸሽው ሩቲ» አሉኝ።

ያን ምሽት መስኮቱ ላይ ቆሜ ማልቀስ መናገር ነው ወይስ አይደለም እያልኩ ቀይ ኮፍያዋን ጠበቅኩ። ሁለት አውቶብስ ያለ እሷ አለፈ። በሦስተኛው መጣች።

በአራተኛው ቀን ሄዱ። ዲፓክ ሻንጣውን ሲጭን እሳቸው ሎቢው ውስጥ ዊልቼር ላይ ተቀምጠው ነበር። የሕንፃው ሰው ተሰብስቧል፤ ሁሉም የሆነ ነገር ያደርጋሉ ብሎ ፊታቸውን ያያል። ምንም አላደረጉም። እኔን ሲያዩኝ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉ፣ የጠበቅኩትን ያህል አልተቆጡም፣ ግን ደግሞ አልሳቁልኝም። እማዬ አጠገባቸው ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ስማ፣ በአማርኛ «ይቅር በሉኝ እትዬ ማልቲ» አለቻቸው። እሳቸው አልገባቸውም፤ ራሷን ደባበሷት።

ወደ ቤት ወጣን። እማዬ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ምስሩን፣ የፖስታ ሳጥኖቹን፣ በሷ መማሌንም ጭምር።

«ገደልሽኛ!» አለች፣ እንደ መሳቅ ብላ። ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

«ለምንድነው ይቅር በሉኝ ያልሻቸው? ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

የእጆቿን ቆዳ ታሻለች፤ ከመታጠብ ብዛት ሁልጊዜ የተሰነጣጠቀ ነበር።

«ከገና ጀምሮ አይቻለሁ» አለች። «ሥራዬ'ኮ ነው ሩቲ። የወደቀ ሰው ገላ ሳየው አውቀዋለሁ። ክርናቸውን አይቻለሁ፣ ጀርባቸውንም አይቻለሁ። ሌላ ቤት ቢሆን በዚያው ቀን ሪፖርት አደርጋለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«እሳቸው ከሄዱ አንቺን የት ልተውሽ?»

ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር። በየእሑዱ እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንዳታይ ስጸልይ፣ እሷ ደግሞ ያየችውን በእጅጌ ትሸፍን ነበር። ተናደድኩባት። ያላወለቀችውን ካፖርቷንም፣ የተሰነጣጠቀ እጇንም አየሁ፣ ንዴቱም የት እንደገባ አላውቅም። ለሷ የሚሆን መልስ ፈለግኩና ከሁሉ ይልቅ የምፈራውን ነገር አገኘሁ።

«ብቻዬን እሆንልሽ ነበር» አልኳት።

እማዬ ካፖርቷን እንደለበሰች ታለቅስ ጀመር።